የልጃችን ሒሳብ

ለልጄ አባት፣

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ሴራሚክ ለማንጠፍ ወለል ላይ ስትንበረከክ ይቆረጥምሃል? እኛ ደህና ነን። ልጅህ እንደ ሸምበቆ ተመዛለች፤ ጫማ አይበቃትም፣ ወሬ ግን ይተርፋታል። ከተለያየን ወዲህ በስልክ የጀመርነው ሁሉ መጨረሻው ጭቅጭቅ ስለሚሆን ነው መጻፍ የመረጥኩት።

ነገሩ ስለ ሒሳቧ ነው። አስተማሪዋ አስጠርታኝ፣ «ከክፍሏ ልጆች ወደኋላ እየቀረች ነው፤ ተጨማሪ ትምህርት ፈልጊላት» አለችኝ። እኔን የከነከነኝ ግን ውጤቷ አይደለም። ሒሳብ ባለ ቀን ጠዋት ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» ትላለች። አንድ ቀን ፀጉሯን ሳበጥርላት፣ «እማዬ፣ ደደብ ሰው ሲያድግ ይሻለዋል?» አለችኝ።

መጀመሪያ ሰው ሁሉ የሚያወድሰው የማጠናከሪያ ትምህርት ማዕከል ወሰድኳት። ልጆቹ ተደርድረው፣ ሰዓት ተይዞባቸው፣ ወረቀት በወረቀት ላይ ይሞላሉ። ለሌላው ይበጅ ይሆናል፤ የእኛዋ ግን ሰዓቱን እያየች ቁጥሩን ትረሳለች። ስንወጣ እጇን ብይዘው በረዶ ሆኗል። ተውነው። ቀጥሎ በታብሌት የሚሠራ ፕሮግራም አስገባሁላት። ኮከብ በኮከብ ሆነች! ደስ ብሎኝ አጠገቧ ብቀመጥ፣ ለካ ጥያቄውን ሳታነብ አንዱ ልክ እስኪሆን ድረስ መልሶቹን በተራ ትነካለች። ብልጠቷ የማን እንደሆነ አልነግርህም። ልቆጣት ብዬ ሳቄ አመለጠኝ።

በመጨረሻ ጡረታ የወጡ መምህርት፣ ቅዳሜ ከሰዓት ከቤተ መጻሕፍቱ በስተጀርባ ባለች ክፍል ጥቂት ልጆች እንደሚያስተምሩ ሰምቼ ሄድን። «ስምንት ጊዜ ሰባት ስንት ነው?» አሏት። «ሃምሳ አራት» አለች። እሳቸው ግን ተሳሳትሽ አላሏትም፤ «እንዴት አገኘሽው?» ብቻ አሏት። ልጅህ ጣቷን ጠረጴዛው ላይ እያንሸራተተች ወለል ማንጠፍ ጀመረች! ስምንት በአምስት አርባ፣ የቀረው ስምንት በሁለት... ቆም አለችና፣ «ቆይ! ሁለት ሴራሚክ ጎድሎኛል፤ ሃምሳ ስድስት ነው!» ብላ ጮኸች። ማን እንዳሳያት ሲጠይቋት፣ «አባቴ፣ መታጠቢያ ቤታችንን ሲሠራ» አለች። ያን አባባሏን በሰማህ!

መረጥኩ፤ እሷም መርጣለች። ትናንት የሒሳብ ቀን ነበር፤ «ሆዴን አመመኝ» ሳትል ቦርሳዋን አንጠልጥላ ቀድማኝ ወጣች።

መምህርቷ አንድ ደንብ አላቸው፦ ወላጅ ከልጁ ጋር አብሮ ተቀምጦ ይማራል። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ እንደሌለኝ ታውቃለህ፤ ብቻዬን እችለዋለሁ። ሲመዘግቡን ግን፣ «የምትመጪው አንቺ ነሽ ወይስ አባቷ?» ቢሉኝ አፌ ቀደመኝና «ሁለታችንም» አልኩ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። እጄን እስከ ቤት አልለቀቀችም።

ጠዋት አንተ ካለህበት ከተማ የሚነሳው አውቶቡስ ለቅዳሜ ከሰዓት ይደርሳል አሉ። እግረ መንገዴን ጠይቄ ነው እንጂ ሌላ ነገር እንዳይመስልህ።

ሥራህን ያቅናልህ፤ የክፉ ሰው ዓይን አይይህ። ልጅህ «ሁለቱንም ጉንጩን ሳሚልኝ» ብላለች፤ እኔም አድርሻለሁ።

የልጅህ እናት