ኡስታ ዚንሃር ፈቃድ አለው፣ እኔ ግን የለኝም

ለተከበሩ የድምፃውያን ፈቃድ ሰጪ ቢሮ ኃላፊ
እስክንድርያ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎስ? ያን ሁሉ ዓመት ከአንድ ወንበር ሳይነሱ መቀመጥ ቀላል አይደለምና ዘወትር ያሳስበኛል። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ በመዝገብዎ ግን የለሁም።

ስሜ ሸውቂ መትወሊ ይባላል። ባያውቁኝ አይፈረድብዎትም፤ ከባለቤቴና ከመብራት ቆጣሪ አንባቢው በቀር የሚያውቀኝ የለም። በረመዳን ጾም ከተፈታ በኋላ በቴሌቪዥን እየመጣ፣ የሰው ቤት በውኃ እያጥለቀለቀ የሚዘፍነውን ባለጎፈሬ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ባለሙያውን ኡስታ ዚንሃርን ግን የማያውቅ ማን አለ? ጎፈሬው ሰው ሠራሽ ነው፣ ጢሙም በሙጫ ነው፤ ከሥሩ ያለሁት መላጣ እኔ ነኝ። ለአምስት ደቂቃ ቀልድ የተፈጠረው ሰውዬ ሠርግ ላይ ይዘፍን ጀመር፣ ካሴት አወጣ፣ ሁለት ፊልም ሠራ። በሁለተኛው ፊልም የእኔ ስም የተጻፈው ከምግብ አቅራቢው በታች ነው። ይሁን፣ እንጀራዬ ነው።

አሁን ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፦ የመዝፈን ፈቃድ ልጠይቅ ከቀረጻ በቀጥታ፣ ጎፈሬዬን ሳላወልቅ ስመጣ፣ ጸሐፊዎ በደስታ ብዛት በዚያው ፎቶ አንሥታ «ኡስታ ዚንሃር» የሚል መታወቂያ ስለሰጠችኝ አላህ ይስጥልኝ። እናት ያልወለደችውን ሰው አባል ያደረገ ቢሮ ከእርስዎ ሌላ አላየሁም።

ሁለተኛ፦ ባለፈው ሐሙስ የልጄ የሻሂናዝ ቀለበት ነበር። «ባባ፣ ዛሬ እንኳ ያንን ነገር አውልቅልኝ። ሕፃን ሆኜ ያስተኛኝ የነበረው አባቴ ይዝፈንልኝ፤ ቧንቧ ሠሪ ምን ያደርግልኛል?» አለችኝ። አወለቅሁ። ገና አንድ ስንኝ ሳልጨርስ፣ ያለ ፈቃድ የሚዘፍነውን የሚይዘው የቢሮዎ ተቆጣጣሪ የጋበዝነውን የዶሮ ቅልጥም እንደያዘ ተነሣ።

«ፈቃድህን!» መታወቂያውን ሰጠሁት። «ይሄማ የኡስታ ዚንሃር ነው! የሰው ወረቀት ይዘህ ትዞራለህ?»

«እኔ ነኝ እኮ!»

«ጎፈሬህስ?»

አክስቴ «ኧረ አባቷ ነው!» ብትል «አባትነቱን መቼ ካድኩ? ዘፋኝነቱን ነው እንጂ» አላት። ምን ላድርግ? ጎፈሬዬን መልሼ አጠለቅሁ፤ ተቆጣጣሪዎም ከሁሉ ቀድሞ መጨፈር ጀመረ። ልጄ ከሰዉ ጋር ሳቀች፤ ኩሏ ግን ወርዶ ነበር።

ሦስተኛ፦ ቢሮው ሲከፈት ላስተካክል ብመጣ፣ «ዚንሃር ራሱ መጥቶ ያውቅህ እንደሆነ ይመስክር» ተባልኩ። ጎፈሬዬን አድርጌ መጣሁና «ሸውቂን አውቀዋለሁ፣ ጨዋ ሰው ነው» ብዬ ፈረምኩ። ያኔ ደግሞ «በሉ እንግዲህ ሁለታችሁም አብራችሁ ኑ» አሉኝ። ለዚህ ጥንቃቄያችሁ ቃል ያጥረኛል።

ሠርጉ የፊታችን ሐሙስ ነው። ልጅ የምትዳረው አንዴ ነው፤ የምለምንዎ አንዲት ዘፈን፣ በራሴ መላጣ፣ ለራሴ ልጅ እንድዘፍን ብቻ ነው።

መላጣዬን ዝቅ አድርጌ እጅ የምነሣ፣
የኡስታ ዚንሃር ተሸካሚ
ሸውቂ መትወሊ

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ከቢሮዎ ተደውሎ፣ ኡስታ ዚንሃር መጥቶ የሚያፈሰውን የቢሮዎን መጸዳጃ ቤት ቧንቧ እንዲጠግን ታዟል። ትእዛዝ አክባሪ ነውና መጥቶ፣ በቴሌቪዥን እንደሚያደርገው በመዶሻ ጠግኖታል። መዝገቦቹን ቶሎ ወደ ላይኛው ፎቅ ቢያወጧቸው መልካም ነው። ዚንሃርን ፍርድ ቤት መክሰስ ካማረዎት ፎቶው መታወቂያው ላይ አለ፤ እኔ እንደሆንኩ በመዝገብዎ የለሁም።