አጥር ናቸው ተብለው ስለተቆረጡት ጥዶቼ

ለተከበሩ አቶ ሚልክያስ፣
የቀበሌያችን የውበትና አረንጓዴ ልማት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ወላይታ ሶዶ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። የዳሞታ ተራራ ብርድ እንዳይነካዎ፣ ወንበርዎ እንዳይነቃነቅብዎ፣ ደጃፍዎ ላይ ቆሜ በጠበቅኩዎት ቀኖች ሁሉ የነበሩበት ስብሰባም በሰላም እንዲያልቅ ጌታን እለምናለሁ። እኛ፣ ጥዶቹን ሳይጨምር፣ ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍኩት እርስዎን ላሳጣ ብዬ አይደለም። በማመልከቻ ብጽፍ መዝገብ ቤት ይቀራል፣ በአካል ብመጣ እርስዎ የሉም፤ ሰው እጅ ከገባ ግን አንዱ ሻይ ቤት ውስጥ ያነብልዎት ይሆናል በሚል ተስፋ ነው።

እኔ ከአስፋልቱ ዳር፣ ከአቶ ሰብስቤ ባለ ሦስት ፎቅ ፔንሲዮን ጎን ባለችው የጭቃ ቤት የምኖር ሴት ነኝ። ባለቤቴ መምህር ዱባለ በሃላሌ፣ በቢጠና፣ በመጨረሻም በተበላ ከተማ ሒሳብ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ በዚያ ቆላ ሙቀት እንኳ የኮታቸውን ቁልፍ ሳይቆልፉ ክፍል ገብተው የማያውቁ ሰው ናቸው። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም፣ አንደበታቸውም ተይዟል። ቤታችን ጠባብና ጨለማ ስለሆነ በየጠዋቱ ወደ ደጅ አውጥቼ፣ ወንበር ላይ አስቀምጬ ፀሐይ ላይ አጥባቸዋለሁ፣ እግራቸውንም አሻለሁ፤ የሐኪም ትእዛዝ ነው። መምህር ዱባለን የሚያህል ሰው እንደ ሕፃን በሚስቱ እጅ ሲታጠብ አላፊ አግዳሚ እንዲያየው የሚፈልግ አይመስለኝም። ጉዳዩ ይኸው ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ፤ ቁጥር የሌለው ነገር በቢሮዎ እንደማይነበብ ነግረውኛልና።

1ኛ) ስለ ቆርቆሮው አመሰግናለሁ። የአቶ ሰብስቤ ፔንሲዮን መስኮቶቹንና በረንዳዎቹን ሁሉ ወደ ግቢያችን አዙሮ ሲሠራ፣ እኔ በድንበራችን ላይ ቆርቆሮ አቁሜ ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ ወዲያው ደርሶ ቆርቆሮ የከተማችንን ገጽታ እንደሚያበላሽ አስተማረኝ፣ አስነሣኝም። በምትኩ አረንጓዴ ነገር እንድተክል የመከሩኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ ጌታ ይባርክዎ። ስለ መስኮቶቹ የተባለ ነገር አልነበረም። መስኮት ፈቃድ አለው፤ ዓይን ደግሞ በመመሪያው ውስጥ አልተጠቀሰም።

2ኛ) ስለ ችግኞቹ አመሰግናለሁ። መንገዱ ሲሰፋ ግቢያችን ስለጠበበ፣ በቤቱ ግድግዳና በድንበሩ መካከል የቀረችው መሬት ሰው በጎኑ ካልሆነ የማያልፍባት ናት። ማንጎ ብተክል ጣራውን ይጫነዋል፣ አቮካዶ ብተክል ቅርንጫፉ ወደ አቶ ሰብስቤ ግቢ ይሻገራል፣ እንሰቱም ጓሮውን ለምዶታል። ስለዚህ ከችግኝ ጣቢያው ሽቅብ እንጂ ወደ ጎን የማያድገውን ቀጭኑን ጥድ አመጣሁ። ክረምት ከበጋ ቅጠሉን የማያረግፍ፣ ቦታ የማይሻማ፣ ከሰው ጋር ለመኖር የተፈጠረ ዛፍ ነው። የቧንቧ ውሃ በሚጠፋባቸው ሳምንታት ፊታችንን የታጠብንበትን ውሃ ለእነሱ አፍስሻለሁ፤ ፍየል እንዳይቀነጥባቸው እሾህ አጥሬባቸዋለሁ፤ በበጋ ሥራቸውን ሣር አልብሻለሁ። አንድ ጠዋት ባለቤቴን ሳጥብ ቀና ብዬ ባይ የፔንሲዮኑ በረንዳ አይታይም፤ ጥዶቹ ደርሰዋል። ያን ቀን እኔም መምህር ዱባለም አለቀስን።

በዚያው ሰሞን ግቢያችን ሞዴል ተብሎ፣ ከሌላ ወረዳ የመጡ እንግዶች ይዘው ጎብኝተውን እንደነበር ሳያስታውሱ አይቀሩም። ጥዶቹን ተደግፈው ፎቶ ተነሥተዋል። እንኳን ተነሡ፤ ጥዶቹ ሌላ ማስታወሻ የላቸውም።

3ኛ) ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። ከመንገድ የሚታይ አጥር ሁሉ ከወገብ እንዳይበልጥ መመሪያ በወጣ ማግስት፣ ባለሙያዎ ወይዘሪት ቤቴል ሜትር ይዘው መጡ። ጥዶቹን ለኩ። ከዚያም ተደርድሮ የቆመና ከኋላው ያለውን የሚሸፍን ነገር ሁሉ አጥር እንደሆነ፣ ስለዚህም ጥዶቼ ያለ ፈቃድ የተሠራ አጥር እንደሆኑ በትዕግሥት አስረዱኝ። ዛፍ እኮ ናቸው ብል፣ ዛፍነታቸውን አልካዱም፤ ዛፍ መሆን አጥር ከመሆን አያድንም አሉ። በዚህ አያያዝ ጠዋት ጠዋት ታክሲ ለመጠበቅ የሚሰለፈው ሕዝብም ፈቃድ ሳያስፈልገው አይቀርም ብዬ አሰብኩ እንጂ አልተናገርኩም።

ካርታው በባለቤቴ ስም ስለሆነ ቃል መስጠት ያለባቸው እሳቸው ናቸው ተባለ። ወይዘሪት ቤቴል ወደ ወንበሩ ጎንበስ ብለው፣ ጥዶቹ ቢቆረጡ ይስማሙ እንደሆነ በትሕትና ጠየቁ። መምህር ዱባለ ራሳቸውን ነቀነቁ። ክቡር ሆይ፣ ባለቤቴ ደጃችን ለረገጠ ሰው ሁሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «ሳሮ» ብሎ እንግዳ መቀበል ስላቃታቸው የቀረቻቸው ሰላምታ እሷ ብቻ ናት። ለቆጣሪ አንባቢው ይነቀንቃሉ፣ ለጎረቤት ዶሮም ይነቀንቃሉ። ባለሙያዎ ግን ባለይዞታው ተስማምተዋል ብለው ጻፉ። እኔ ብጮህ፣ ብለምን፣ መሬት ብቀመጥ፣ የእኔ ቃል የተጠየቀ አልነበረም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ።

4ኛ) ስለ አቆራረጡ። ባለፈው ሐሙስ መጋዝ የያዙ ወጣቶች መጥተው ጥዶቹን ከወገብ ላይ ቆረጧቸው። ከሥራቸው ቢነቅሏቸው ይሻለኝ ነበር። ይህ ዛፍ አናቱ ከተቆረጠ እንደ ቀድሞው ቀጥ ብሎ አይነሣም፤ እንደ አሮጌ መጥረጊያ ተንጨፍርሮ ይቀራል። በወዲያኛው ጫፍ ያሉት ሦስቱ የሥራ ሰዓት ስላለቀ ተርፈዋል፤ የሚሸፍኑትም ሽንት ቤታችንን ነው። የሽንት ቤቱ ክብር ስለተጠበቀለት በእሱ ስም አመሰግናለሁ።

5ኛ) ስለ አንሶላው። በገመድ አንሶላ ብጋርድ፣ ከመንገድ የሚታይ ልብስ ማስጣት ክልክል ነው ተብዬ በማግስቱ አወረድኩ። ይህን ረዘም አድርጌ ልጽፈው ነበር፤ ደከመኝ።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በኋላ የልመና ቦታ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ምን ብዬ እንደምለምን ግን አላውቅም። የተቆረጠ ጥድ መልሶ አይቀጠልም። አዲስ ልትከል ብል፣ እስኪደርስ መምህር ዱባለ ይቆዩልኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ቢደርስም ወገብ ሲያልፍ ተመልሰው እንደሚመጡ አውቃለሁ። አቶ ሰብስቤን ሄጄ ለመንኳቸው፤ መጋረጃ አስገባለሁ አሉኝ፣ አስገቡም፤ እንግዳ ግን መጋረጃ የሚገልጠው ውጭውን ለማየት ነው። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል። እርስዎ ንጉሥ አይደሉም፤ ለሚከስዎት ግን ከንጉሥ አይቀልሉም። በፊት ይቆጨኝና ያንገበግበኝ ነበር፤ አሁን ቁጭቱም ጉልበት ይፈልጋል።

ትላንት ጠዋት ባለቤቴን እንደ ልማዴ ወደ ደጅ አወጣኋቸው። ካልታጠቡ ገላቸው ይቆስላል፤ ምርጫ የለኝም። ሸሚዛቸውን ሳወልቅ ሁለት የፔንሲዮኑ እንግዶች የሻይ ብርጭቆ እንደያዙ በረንዳው ላይ ቆመው ነበር። ክፉ ሰዎች አይመስሉም፤ ፊት ለፊታቸው ያለውን ነው ያዩት። መምህር ዱባለም ቀና ብለው አይዋቸው። ከዚያ በደህናው እጃቸው ጉልበታቸው ላይ የነበረውን ጋቢ ቀስ እያሉ ጎትተው ፊታቸውን ሸፈኑ። አጥቤ፣ አድርቄ፣ አልብሼ እስክጨርስ አልገለጡትም። እኔም አልገልጠውም፤ ምን ብዬ?

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ለከተማችን ውበት ስለሚደክሙት ድካም ከተፈቀደው ቁመት ሳልበልጥ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የእርስዎው ታዛዥ፣
ፋንታዬ ባዳቾ
የመምህር ዱባለ ባለቤት፣ ከጉቶዎቹ ጀርባ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጋቢው ከመንገድ ይታያል፤ ከኋላው ያለውንም ይሸፍናል። እንግዲህ በመመሪያው መሠረት እሱም አጥር መሆኑ ስለማይቀር፣ ፈቃዱ ከየትኛው መስኮት እንደሚወጣ ቢያሳውቁኝ ባወጣሁ ነበር። ያለ ፈቃድ ተሠርቷልና ይነሣ ከተባለ ግን ባለሙያ አይላኩብን፤ እርስዎ ራስዎ መጥተው ከፊታቸው ላይ ያንሡት።