በአንድ ድምፅ የመለስነው

ከእናት ለማታንሽብኝ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃ መውጣት ቻልሽ? እማዬ መነጽር ተገዛላት ወይስ አሁንም በዳበሳ ነው መርፌው ላይ ክር የምታስገባው? አናጢው ባልሽ ጫማውን በር ላይ ማውለቅ ለመደ? የመንትዮቹስ ጥርስ በቀለ? ስለ እኔ ከጠየቃችሁ፣ በሕይወት አለሁ፤ ናፍቆታችሁ ግን አንጀቴን እየበላው ነው። ደህና ነኝ ብዬ ጀምሬ ሰረዝኩት። አንቺን መዋሸት አልችልበትም።

ባለፈው ስለ ቃላት መልመጃ መጽሐፎቹ ስነግራችሁ ደስ ብሏችሁ ነበር። እማዬማ ልጄ በስተርጅና ተማሪ ሆነች እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች አሉ። በስተርጅና ያለችውን ይቅር ብያታለሁ።

እንደምታውቂው የምሠራበት ማጠቢያ ቤት የሆቴልና የሆስፒታል አንሶላ ነው የሚያጥበው። የአገሩን ቋንቋ የማናውቀውን ሠራተኞች ከሥራ ስንወጣ ምሳ የምንበላበት አዳራሽ ውስጥ ሰብስበው ያስተምሩናል። አስተማሪያችን ከላይ እስከ ታች ቀጭን፣ ልብሷም ሁሌ ነጭ ስለሆነ ጠመኔ ብለናታል። መጽሐፎቹ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው አንሶላ፣ ፎጣ፣ ባልዲ እያለ ሥዕሉን ከቃሉ ጋር ያዛምዳል። ሁለተኛው እጠፊ፣ ደርድሪ፣ ፍጠኚ ነው። ሦስተኛው ገና ሲገለጥ ያስፈራል፤ ያቃጥላል፣ ይመርዛል፣ አትንኪ፣ አትተንፍሺ። እነዚህን ክፍት ቦታው ላይ መሙላት ነው።

እንዴት እንደወደድኩት አልነግርሽም! ስንት ጊዜ በሰው አገር አፍ እንደሌለው ሰው ኖሬ፣ አውቶቡስ ላይ የተጻፈውን አንብቤ በትክክለኛው ፌርማታ የወረድኩ ቀን ብቻዬን እየሳቅኩ ነው ቤት የገባሁት። ጠመኔ ካርዱን ይዛ እጇን ከፍ ስታደርግ ሁላችንም እንደ አንደኛ ክፍል ልጆች በአንድ ድምፅ እንመልሳለን። የእኔ ጩኸት ከሁሉም ይበልጣል፤ ታውቂኝ የለ።

ሦስተኛውን የጨረሰች ወደ ምድር ቤት ትወርዳለች። እዚያ የደም እድፍ የሚያስለቅቅ ኬሚካል በየበርሜሉ ተደርድሯል። ደሞዙ ይሻላል ስለተባለ ስንሽቀዳደም ነበር። ቀድማ የጨረሰችው ሳቂታ ናት፤ አንድ ክፍል የምንኖረው፣ ሳቅ ከአፏ ስለማይጠፋ እንዲህ የምንላት ልጅ። ስትወርድ ቀንቼባት ነበር፣ እውነቴን ነው። ብዙም ሳትቆይ ሳል ጀመራት። የምድር ቤቱ አየር መሳቢያ ተበላሽቶ ቆሟል አለችኝ። ለአለቃው ደጋግማ ነገረችው፤ እሺ ይላታል፣ ይሄዳል። ከዚያ አንድ ጠዋት በርሜሎቹ ሥር ራሷን ስታ ተገኘች፣ ሆስፒታልም ወሰዷት።

አደጋውን የሚያጣሩ ሁለት ሰዎች ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መጡ። አለቃው ሁላችንንም ሰበሰበን። ጉዱ እዚህ ላይ ነው እትዬ። በርሜል ላይ የሚለጠፈውን ማስጠንቀቂያ ይዞ ከፊታችን ቆመ። ጠመኔ ልክ እንደ ክፍል ውስጥ እጇን ከፍ አደረገች። እኛም በአንድ ድምፅ፣ መርዝ ነው፣ አትተንፍሺ፣ ብለን ጮህን። አንዲትም ሰው አልተሳሳተችም። ያን ሰዓት እኔ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እንድታመሰግነን ጠመኔን ዞሬ አየኋት። እሷ መሬት መሬት ታያለች። ሰዎቹ የሆነ ነገር ጽፈው ሄዱ። አየር መሳቢያውን ቀና ብሎ ያየ የለም።

ውሳኔው ቆይቶ ተነገረን። ሳቂታ ማስጠንቀቂያ ማንበብ የምትችል ሠራተኛ ናትና ጥፋቱ የራሷ ነው፤ ባልደረቦቿም ይህንኑ መስክረዋል። ወይኔ! እኛ ነን የመሰከርንባት? መጽሐፉን በነጻ ያደሉን ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። እሷ አሁን ከሆስፒታል ወጥታ ከጎኔ ተኝታለች። እስከ ወሩ መጨረሻ አልጋውን ልቀቂ ተብላለች። ድምፅዋ የለም፤ ውኃ ስትፈልግ ብርጭቆውን ታሳየኛለች። አንድም ቀን በክፉ ዓይን አላየችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ዓርብ ዕለት አለቃው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ ጎበዝ ተማሪ ነሽ፣ ሰኞ የሳቂታን ቦታ ትይዣለሽ አለኝ። ሽርጥም ሰጠኝ። ሽርጡ የእሷ ነው፤ ኪሱን የሰፋሁላት እኔ ነኝ። አየር መሳቢያው ተሠራ ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ማንበብ ትችያለሽ፣ ትጠነቀቂያለሽ ብሎ ሳቀብኝ።

አይ ማለት እንዴት አቃተሽ ትይኝ ይሆናል። አንዷ ብላ ነበር። አልገባትም ተባለና የመጀመሪያውን መጽሐፍ መልሰው አስታቀፏት፤ ከዚያም ኮንትራቷን ሳያድሱ አሰናበቷት። ስለዚህ እኔ የምፈልገው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ተረድቻለሁ፣ የማልወርደውም ስለተረዳሁ ነው የሚል። ሦስቱንም መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ፈለግኩ። ማመስገንና መታዘዝ ሞልቷል፤ ሰው ምክንያቱን የሚናገርበት ገጽ ግን የለም። ጠመኔን ብጠይቃት በሩን አየት አድርጋ፣ ይሄ ከትምህርቱ ውጭ ነው አለችኝ። መጨረሻ ላይ መንገድ ማዶ ያለች፣ የእኛን ቋንቋ የምትሰማ ጫማ ሰፊ ቃል በቃል አስጠናችኝ።

ትናንት ስደጋግመው ዋልኩ። ሳቂታ ከንፈር ከንፈሬን እያየች ስሳሳት ራሷን ትነቀንቃለች። እዚህ ክፍል ውስጥ ይወጣልኛል፤ አለቃው ፊት ግን እንጃ። ሌሎቹን ሴቶች አብራችሁኝ ቁሙ ብዬ ለመንኳቸው፤ ሁሉም አቀረቀሩ። አልፈርድባቸውም፣ ሁሉም የሚያሳድገው ልጅ አለው። እኔ ግን በዚህ አገር ቋንቋ እስከ ዛሬ ከሰው ጋር እንጂ ብቻዬን መልሼ አላውቅም። ፈርቻለሁ እትዬ፣ በጣም ፈርቻለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ከዚህ ወረቀት ግን ሰላምታውን ብቻ አንብቢላት። ባልሽን፣ በርህን አጥብቀህ ሥራ፣ ስመጣ እንዳይወድቅብኝ ብላለች በይው። የመንትዮቹን ጉንጭ እስኪቀላ ሳሚልኝ። ድንገት ሻንጣዬን ይዤ ደጃችሁ ብቆም ምን ሆንሽ እያላችሁ አታጨናንቁኝ፤ አስገቡኝ ብቻ።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ሰኞ አልፏል። ደውዬልሽ ከሆነ ዓረፍተ ነገሩ ከአፌ ወጥቷል ማለት ነው፣ ወረቀቱን ቅደጂው። ካልደወልኩ ወርጃለሁ።

ታናሽ እህትሽ

ከሠራተኞች ማደሪያ፣
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጥቅምት ፳፫