ጉድጓዴን ተሸክሜ መምጣት ስላልቻልኩ

ለተከበሩ ጓድ ስዩም በላይ
የቀበሌያችን ሊቀመንበር
መርሳ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ስብሰባው፣ ሰልፉ፣ መመሪያው እንዴት ይዞዎታል? እኔ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የምኖረው ሸማኔው ሞገስ፣ ዕድሜ ተጫነኝ እንጂ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ለተሚካኤል ታማለች፤ እሱን ከታች ስለምደርስበት ካሁኑ አይጨነቁበት። እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ቢያንስ ይህ ደብዳቤ ተነቦ እስኪያልቅ።

ደብዳቤውን የምትጽፍልኝ አሰለፈች ናት፣ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪዬ። ቃሉ የእኔ ነው፣ የእሷ እጁ ብቻ ነው፤ ቁጣ ካለ ወደኔ ይምጣ። ማንበብና መጻፍ መቻሌን የሚመሰክር ወረቀት አምና በጭብጨባ ሰጥታችሁኛል፤ ወረቀቱ ምን እንደሚል ያነበበችልኝም እሷው ናት።

በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለምን ተለጠፈ እንዳይሉኝ። ሦስት ጊዜ በፖስታ አሽጌ ለጽሕፈት ቤትዎ አስገብቻለሁ፤ ሦስቱም እንደታሸጉ ጠረጴዛዎ ላይ ተደራርበው በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። በሥራ ብዛት ላይ ፖስታ መቅደድ እንዳይጨመርብዎ ብዬ አራተኛውን ክፍቱን ሰድጄዋለሁ።

ነገሩ ስለ አንድ ሸማ ነው። ለተሚካኤል ሕመሙ እንደማይለቃት ስታውቅ መግነዟን በገዛ እጇ ልትፈትል ተነሣች። ከጥምቀት እስከ ፋሲካ ትራስ ተደግፋ እንዝርቷን አሾረች። የፈተለችውን እኔ ድርና ማግ አድርጌ፣ እዚያው አልጋዋ አጠገብ፣ እሷ እያየችኝ መሥራት ጀመርኩ። አሥር ክንድ ነው። ስድስቱን ጨርሼ አራቱ ሲቀረኝ መመሪያዎ መጣ።

ቁጥር የሌለው ነገር በእናንተ ዘንድ እንደማይሰማ ስለተማርኩ፣ ምስጋናዬንም አቤቱታዬንም በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. በሰኔ መጀመሪያ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሳይሆን ልክ በቅዳሴው ሰዓት በተጠራነው ስብሰባ ላይ፣ መኖሪያ ቤት ለመኖሪያ የሥራ ቦታ ለሥራ የሚለው መመሪያ ሲነበብ እኔም እንደ ሰዉ አጨብጭቤአለሁ። ምን ይደረግ፣ እጄ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። በዚያ ጨቋኝ በተባለው ዘመን ምስለኔው ግብሬን ተቀብሎ ይሄድ ነበር፤ የት ተኝቼ የት እንደምሠራ፣ ከአልጋዬ እስከ ሥራዬ ስንት እርምጃ እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። ለካ ችላ ተብዬ ኖሬአለሁ! እናንተ ግን ቤቴ ድረስ መጥታችሁ በሜትር ለካችሁልኝ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

መመሪያው በቤቱ የሚሠራ ሰው ሥራውን ከመኝታው በግድግዳ ይለይ፣ ለሥራውም የራሱን በር ያውጣ ይላል። የእኔ ቤት አንድ ክፍል ናት፤ ከበሯ እስከ አልጋው ስምንት እርምጃ። አንሶላ ልጋርድ ብዬ ብጠይቅ የቀበሌው ጸሐፊ ጓድ ሀይሉ፣ «አባባ ሞገስ፣ ግድግዳ የሚባለው ንፋስ የማያወዛውዘው ነው» ብለው አስተማሩኝ። እሺ፣ ግድግዳውን አቆምኩ እንበል፤ በሽተኛዋ ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ ልንሆን ነው። ለተሚካኤል ደግሞ ተኝታም ሥራ የምትቆጣጠር ሴት ናት። የመምቻው ድምፅ ሲለዝብባት፣ «አንተ ሰውዬ፣ አጥብቀህ ምታ! የምታላላው እኔን ነው እኮ!» ብላ ትጮህብኛለች። እንዲህ ያለ ተቆጣጣሪ ያለው የመንግሥት ፋብሪካ ካለ ይጠቆመኝ።

፪ኛ. ጓድ ሀይሉ ቅጽ ይዘው መጥተው ፈትሉን ማን እንደፈተለው ጠየቁኝ። ሚስቴ አልኩ። ስንት እንደምከፍላት ጠየቁኝ። ምንም አልኩ። በዝባዥ ተብዬ ተጻፍኩ። ይህች ሴት በአርባ ሁለት ዓመት ትዳራችን ያላወጣችልኝ ስም የለም፤ ይኼኛው ግን እሷንም አምልጧታል። ገብቼ ስነግራት፣ ከታመመች ወዲህ እንደዚያን ቀን ስትሥቅ አላየኋትም። ስለ ሣቋ ቀበሌውን ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ይህን የምለው በቀልድ አይደለም።

ቀጥለውም ሸማው ለየትኛው ገበያ እንደሆነ ጠየቁኝ። ሰው አንድ ጊዜ ሄዶ ለማይመለስበት ገበያ ነው አልኳቸው። በቅጹ ላይ «ለሩቅ ገበያ» ተብሎ ሰፈረ። ከመርሳ ወጥቼ ከውርጌሳ ያላለፍኩ ሰው፣ እነሆ ያለ ፈቃድ ከወረዳ ውጭ በመነገድ ተጠያቂ ሆኛለሁ።

፫ኛ. አሁን ወደ ዋናው መጣሁ፤ እባክዎ ታግሠው ያንብቡልኝ። ዕቃዬን ሁሉ ለሸማኔዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር አስረክቤ እዚያ እንድሠራ ታዘዝኩ። የታዘዘ ያደርጋል። ሰኔ ሃያ አንድ ቀን፣ በማርያም በዓል፣ ጓድ ሀይሉ መጥተው ዕቃውን አንድ በአንድ መዘገቡ። መምቻ አንድ፣ መወርወሪያ ሁለት፣ መርገጫ ሁለት፣ መጠቅለያው እንጨት አንድ፣ እላዩ ላይ ከተጠቀለለው ሸማና ገና ካልተሠራው ድር ጋር። ይህን ሲጽፉ ለተሚካኤል ከአልጋዋ ሆና ታያለች። በመጨረሻ ወደ መሬት አመለከቱና፣ ይኼስ ምንድን ነው አሉኝ። ጉድጓድ ነው አልኩ። ሸማኔ በጉድጓድ አፍ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ውስጥ ሰዶ፣ መርገጫውን እየረገጠ እንደሚሠራ አስረዳኋቸው። «ታዲያ ያለሱ ሥራ የለማ?» አሉ። የለም አልኩ። «ጉድጓድ፣ አንድ» ብለው ጻፉ።

እኔም አልተቃወምኩም። የተማረ ሰው ሲጽፍ ማቋረጥ ነውር ነው ብዬ ነበር፤ ይህ የእኔ ጥፋት ነው።

ዕቃውን በአህያ ጭኜ ማኅበሩ መጋዘን ደረስኩ። የመጋዘኑ ኃላፊ ጓድ አማን ሐቀኛ ልጅ ነው፤ ከቅጹ ጋር እያመሳከረ ሁሉንም ቆጠረ። ሲጨርስ ቀና ብሎ፣ «ጉድጓዱስ?» አለኝ። ቤት ነው አልኩት። «መቼ ነው የሚያመጡት?» አለኝ። ቀልዱ ጣፍጦኝ ሣቅሁ። እሱ አልሣቀም። «አባባ ሞገስ፣ እኔ የምፈርመው በተጻፈው ላይ ነው። ነገ ቁጥጥር ሲመጣና አንድ ዕቃ ሲጎድል፣ ማን በላው የምባለው እኔ ነኝ» አለኝ። አልፈርድበትም። ባለፈው ዓመት የጎደለ ኬሻ ምን እንዳመጣ ሁላችንም አይተናል።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ሆኖ ተቋጠረ፦ ጉድጓዱ ካልገባ ርክክቡ አላለቀም፤ ርክክቡ ካላለቀ የማኅበሩ አባል አይደለሁም፤ አባል ካልሆንኩ መጋዘን የገባውን ዕቃ መንካት አልችልም፤ ወደ ቤቴ እንዳልመልሰው ቤቴ መኖሪያ ነው። የሚስቴ መግነዝ ተቆልፎበታል። ጉድጓዱን በምን ልሸከመው? አፈሩን እንኳ በጆንያ ሞልቼ ላምጣላችሁ እንዳልል፣ ያን ጊዜ ስቆፍር የወጣውን አፈር በጭድ አቡክተን ግድግዳውን መርገንበታል። ቅጹ ላይ አንድ መስመር ይሰረዝልኝ ብዬ ለመንኩ። ጓድ ሀይሉ በኦፊሴል የተጻፈን የሚሰርዝ ሊቀመንበሩ ብቻ ነው አሉኝ። ሊቀመንበሩም እርስዎ ነዎት።

፬ኛ. እዚያው ማኅበሩ አዳራሽ አዲስ ጉድጓድ ልቆፍርና ቁጥሩ ይሙላ አልኩ። ሄጄ አየሁት። አዳራሹ ቀድሞ የባለርስት የእህል ጎተራ የነበረው ነውና ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ መስበር የሕዝብ ንብረት ማውደም ነው ተባልኩ። ከእኔ ቀድመው የገቡት ዘጠኝ ሸማኔዎች ከግንቦት ጀምሮ እግራቸውን የሚሰዱበት አጥተው በረጅም ወንበር ላይ ተደርድረዋል። አንድ ክንድ ሸማ ባይወጣቸውም ስለ ሸማ በወር አራት ጊዜ ይሰበሰባሉ። አንደኛው ሲያየኝ፣ «ና ሞጌ፣ እዚህ እግር ያርፋል!» አለኝ። ሰው እንዴት በዚህ ዕድሜው እንዲህ ይቀልዳል? ሸማኔ እግሩ ካረፈ ሞቷል።

ይህ ሁሉ ቢቀር እንኳ አዳራሹ ከቤቴ ሩቅ ነው። ለተሚካኤልን በየሰዓቱ ጎኗን የማገላብጣት እኔ ነኝ። ልጅ የለንም። መመሪያው ስለዚህ ምን ይላል ብዬ አሰለፈችን ከዳር እስከ ዳር አስነበብኳት፤ ስለ ምልክት ሰሌዳ ቁመት ይናገራል፣ ስለ በር ስፋት ይናገራል፣ ስለዚህ ግን አላገኘችልኝም።

ጓድ ሊቀመንበር፣ አንድ ነገር ላስታውስዎ ይፈቀድልኝ። እርስዎ ክርስትና የተነሡበትን ነጠላ እናትዎ ፈትላ ያመጣችው ለእኔ ነው። ያን ጊዜም ጉድጓዱ ከአልጋው ስምንት እርምጃ አይሞላም ነበር። ፈቃድም አልነበረኝም። በሕገ ወጥ ሸማ ተጠቅልለው ወደ ክርስትና መግባትዎ እስካሁን አልተመዘገበብዎትም፤ እኔም ይህን የማነሣው ጥንቃቄ እንዲያደርጉ ብዬ ነው።

፭ኛ. መፍትሔ አልተነገረኝም ይላል እንዳልባል፣ ተነግሮኛል። ለመግነዝ የሚሆን አቡጀዲ ከኅብረት ሱቁ በኩፖን ይሰጣል። ኩፖኑን ለማግኘት ሰውየው መሞቱን የሚገልጽ ማስረጃ ይቀርባል። ማስረጃ የሚሰጠው ማክሰኞ ማክሰኞ ነው። የዘንድሮው ኮታ ደግሞ አልቋል፤ አዲሱ በመስከረም ይገባል ተብሏል። ስለዚህ ለተሚካኤል መስከረም ድረስ ቆይታ፣ ሰኞ ማታ ብትሞት ለሁሉም ይመች ነበር። ይህን ለእሷም አስረድቻታለሁ። ምን አለች መሰለዎ? «ሠርግ በተዋሱት ልብስ ይኬዳል። ወደዚያ ግን በማላውቀው እጅ የተፈተለ ለብሼ አልሄድም።» የቆቦ ሴት ናት፤ የአባቷም የእናቷም ወገን ከትግራይ የመጣ ነው። አንዴ ያለችውን አትመልስም። እኔ አርባ ሁለት ዓመት ሞክሬአለሁ፤ ከፈለጉ እርስዎ መጥተው ይሞክሯት።

በየስብሰባው መጨረሻ ክንዳችንን አንሥተን «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት» እንላለን። ከሁለቱ አንዱ እኔ ቤት ደጃፍ ደርሷል። ሌላኛው ግን ሸማዬን ቆልፎ ይዞብኛል።

እንግዲህ የምጠይቀውን ልናገር። ፈቃድ አልጠየቅሁም። ሥራ አልጠየቅሁም። አራት ክንድ ነው የምጠይቀው። ዕቃዬ ለአምስት ቀን፣ ቢበዛ ለስድስት ቀን ወደ ቤቴ ይመለስልኝ። ሸማውን ስጨርስ መወርወሪያውንም መምቻውንም መልሼ አስገባለሁ፤ እናንተ በቆማችሁበት ጉድጓዱን በእጄ እደፍነዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ በመርሳ ምድር ቤቱ ውስጥ የሚሠራ ሞገስ የሚባል ሸማኔ አይኖርም። ጉልበትዎ ላይ ወድቄ ልለምንዎ አልችልም፤ የእኔ ጉልበት ሲታጠፍ የኖረው ለእግዚአብሔርና ለመርገጫው ብቻ ነው፣ ለሦስተኛ አልተለማመደም።

ይፈቀድልኛል ብዬም አይደለም የጻፍኩት። የሰው ፊት አነባለሁ፤ ለዚህ የመሠረተ ትምህርት ወረቀት አያስፈልግም። ጓድ ሀይሉ ደብዳቤዎቼን ሲቀበሉኝ ፊታቸው ላይ ያለውን አይቻለሁ። የጻፍኩት ለተሚካኤል በየማለዳው፣ «ዛሬስ ጠየቅህ?» ስለምትለኝ ነው። ጠየቅሁ ስላት ውሸት እንዳይሆንብኝ ነው። ሌላ ምንም የለውም። ካለፈው ቅዳሜ ወዲህ መጠየቁንም ቀንሳለች።

ስለ ሜትሩ፣ ስለ ቅጹ፣ ስለ ግድግዳው ትርጉም፣ በስተርጅናዬ በዝባዥና የሩቅ አገር ነጋዴ ስላደረጋችሁኝ፣ ከሁሉም በላይ ድፍን ቤቴ ውስጥ አንድ ባዶ ጉድጓድ ብቻ ትታችሁልኝ ስለሄዳችሁ፣ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሌላው ሁሉ ተቆጥሮ ተወስዷልና ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጬ አመሻለሁ።

ሹመትዎ ይደላድል፣ ማኅተምዎ አይድረቅ፣ በርዎ በመመሪያው ልክ ሰፊ ይሁን እያልኩ፣

ርክክቡን ያላጠናቀቀው አገልጋይዎ
ሸማኔ ሞገስ
(የቀኝ እጁ አውራ ጣት ምልክት)

መርሳ፣ ነሐሴ ፬ ቀን ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ውሳኔዎ ከእሷ በኋላ የሚደርስ ከሆነ፣ ስድስቱን ክንድ ብቻ ከእንጨቱ ላይ ቆርጦ እንዲሰጠኝ ጓድ አማንን ይዘዙልኝ። ያለቀው ከራሷ ጀምሮ እስከ ጉልበቷ ያደርሳል፤ እሷም ከስታ ከስታ አጥራለች። ለቀረው አይጨነቁ፣ የመመሪያዎ ወረቀት አለ። አሰለፈች ቆጥራልኝ አሥራ አንድ ገጽ ነው ብላለች። የለተሚካኤል እግር ትንሽ ነው፤ ይበቃታል።