የቢሩክ ሽማግሌዎች የቆሙበት ደጅ

ለተከበሩ ወንድሜ፣ ለወንድም ጋሼ መኩሪያ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ያ የወገብዎ ነገር ለቀቀዎት ወይስ አሁንም ጎንበስ ሲሉ ይይዝዎታል? የጋምቤላ ሙቀትስ እንዴት አደረገዎት? እትዬ የሺመቤትስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም። ስልክዎ ላይ በደወልኩ ቁጥር ያቺ ሴትዮ አይገኙም እያለች መልሳኝ ሰለቸችኝና ወረቀት አነሣሁ። ደብዳቤውን የሚያደርስልዎት እዚያ ሆስፒታል ነርስ ሆኖ የሚሠራው ጎረቤታችን ነው፤ ነገ ይበራል።

መቼም የልጃችን የቢሩክ ነገር ምን ደረሰ እያሉ እንቅልፍ እንዳጡ አውቃለሁ። ሽማግሌዎቹን መርተው የአቶ ሐጎስን ልጅ ሄርሞንን የሚጠይቁልን እርስዎ ነበሩ፤ ሥራው አልለቅ ብሎዎት ቀሩ። አቶ ሐጎስ ደግሞ ዕድሜያቸውን አየር መንገድ አውሮፕላን ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ለሳቸው ሰዓት ማክበር ከጸሎት ቀጥሎ ነው። «የልጁን ወገኖች አላውቃቸውም፤ መጥተው ልያቸውና እወስናለሁ» ብለዋል። ሁሉ ነገር በዚያች እሑድ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ቢሩክማ ሳምንቱን ሙሉ እህል በአፉ አልዞረም።

በእርስዎ ቦታ ጋሽ ኣምደሚካኤልን አደረግን። አንደበታቸው ማር ነው፤ ጆሯቸውን ግን ያውቁታል፤ አጠገባቸው መድፍ ቢተኮስ «ማነው ያንኳኳው?» የሚሉ ሰው ናቸው። ታዲያ ቢሩክ ዘመናዊ ነኝ አይደል የሚለው፣ ከኛ ቤት እስከ አያት፣ እስከ አቶ ሐጎስ ደጅ ያለውን መንገድ በቪዲዮ ቀርጾ ላከላቸው። እሱ ሲናገር ስልኩ ራሱ እየሰማ ከሥር ይጽፍላቸዋል፤ ሰብታይትል ይሉታል።

ወይ ጉድ! ያ ስልክ አገሩ የት እንደሆነ እንጃ፣ ብቻ ሸገርን አያውቃትም። «ከጉርድ ሾላ ተነሥታችሁ» ሲል «ከጉድ ሾልኮ ተነሥታችሁ» ብሎ ጻፈ። ሲኤምሲን «ሲያመኝ» አለው። ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ «ለሚኮራ ክፍለ ከተማ» ሆነ፤ እሱ እንኳ ብዙም አልተሳሳተም። ይባስ ብሎ «በጎሮ በኩል አትሂዱ፣ መንገዱ ተቆፍሯል» ያለውን «በጆሮ በኩል አትሂዱ፣ ተቆፍሯል» ብሎ ቁጭ! ጋሽ ኣምደሚካኤል መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና «ይሄ ልጅ በኔ ጆሮ ነው እንዴ የሚቀልደው?» ብለው ተቆጡ። አልሄድም ሊሉ ምንም አልቀራቸው፤ በስንት ልመና አበረድናቸው። ልጄ ዊንታ ደግሞ ነገሩ ጥሟት የሰፈር ስም ስትጠራለት ዋለች። ቦሌ ቡልቡላን «ቦሌን ብል በላ» ሲላት ሆዴን ይዤ መሬት ተቀመጥኩ።

በዚያ ሁሉ መዘባረቅ መሀል ስልኩ በትክክል የጻፈው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም የቤቱ ቁጥር። ግን ወንድም ጋሼ፣ በኛ ከተማ ማን በቤት ቁጥር ሄዶ ያውቃል? ሰው ቤት የሚገኘው በሱቁ፣ በዛፉ፣ በቆመ መኪና ነው። ጽሑፉን ተዉት፣ ምስሉን እዩ ተባባልን። ምስሉ ላይ የነ ሄርሞን በር አጠገብ ጎማዋ የተነፈሰ ነጭ ቪትዝ ቆማለች፤ ቢሩክም ከዚያች ቦታ ንቅንቅ ብላ አታውቅም ብሎ ማለ። ምን ያደርጋል፣ ባለቤቷ ቅዳሜ ዕለት ጋራዥ ወስዶ አሠራትና ሲመለስ ሌላ በር ላይ አቆማት። የዚያ መደዳ በሮች ደግሞ አንድ እናት የወለደቻቸው ናቸው፤ ሁሉም ቡናማ ብረት።

ሦስቱ ሽማግሌዎች፣ ጋሽ ኣምደሚካኤል፣ አቶ መሐሪና የነፍስ አባታችን፣ ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ለክብር ብለው ስልካቸውን አጥፍተው ቪትዟ ጋ ወረዱ። በሩን የከፈተው ሽፈራው የሚባል ጎልማሳ ነው። እሱና ሚስቱ አለም ለካስ ተኳርፈው ከርመዋል። እናቷ ታመው ሲተኙ ሄዶ አልጠየቀም፤ እሷም በዚያን ቀን ሻንጣዋን ዘግታ ልትወጣ ነበር። ሦስት ሽማግሌ ደጅ ተደርድረው ሲያይ የሷ ዘመዶች የላኳቸው መሰለው። እሷም የሱ ናቸው ብላ አሰበች። ደጅ የቆመን ሽማግሌ ደግሞ ማን ናችሁ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ግቡ ነው የሚባለው።

ጋሽ ኣምደሚካኤል እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ጉዳዩን ሳይጀምሩት ሽፈራው «አውቄዋለሁ አባቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ እግራቸው ላይ ወደቀ። ሳቸው ምን ሰምተው! የሄርሞን ወንድም መስሏቸው «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» እያሉ ጭንቅላቱን ይዳብሳሉ። አለም ለቅሶዋን ለቀቀችው። ቤት መሳሳታቸው ቀድሞ የገባቸው የነፍስ አባታችን ናቸው። አቶ መሐሪ ቀስ ብለን እንውጣ ቢሉ፣ ቄሱ «ጠብ ሰምቶ ጥሎ የሚወጣ ምን ሽማግሌ ነው? የኛው ይቆየናል» ብለው ተቀመጡ። ተቀመጡ ስልዎት ደግሞ አንዴ ከተቀመጡ ያውቋቸዋል።

እኔ እዚህ እየተቃጠልኩ ነው። ሄርሞን ደውላ በሹክሹክታ «እማማ፣ አባቴ ሰዓቱን እያየ ነው፤ ገበታው ይነሣ ብሏል» አለችኝ። ሽማግሌዎቹ ጋ ብደውል ሁሉም ዝግ። ቢሩክ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀመጠ፤ አንጀቴን በላው። ወንድም ጋሼ ቢኖር ይሄ አይመጣም ነበር ብዬ እርስዎንም ተቀየምኩ፤ እውነቱን ልንገርዎት። አለቀስኩም።

እዚያ ማዶ ሽፈራው በሚቀጥለው እሑድ አማቱን ሄዶ ሊጠይቅና ይቅርታ ሊል ቃል ገባ፤ ሻንጣውም ወደ ጓዳ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ነው «ለመሆኑ ማን ላካችሁ?» ብሎ የጠየቀው። ሲነግሩት ባልና ሚስት በሳቅ ፈረሱ። የአቶ ሐጎስ ቤት ከነሱ አልፎ ነው ለካ! ይዘዋቸው ሄዱ።

አቶ ሐጎስ ፊታቸውን አጥቁረው በሩን ከፈቱ። ግን ሽፈራውንና አለምን ጎን ለጎን ቆመው ሲያዩ ያዘጋጁት ቁጣ አፋቸው ላይ ቀረ። ለካስ ሳቸው ራሳቸው እንደ ጎረቤት ሁለቴ ሊያስታርቋቸው ገብተው አልሆነላቸውም ኖሯል። አለም ትከሻቸውን ስማ «ጋሼ፣ የዘገዩት በኛ ነው፤ አይቀየሟቸው» አለቻቸው።

ገበታው ተመልሶ ቀረበ። ጋሽ ኣምደሚካኤልም ጉዳያቸውን ቆመው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ከሀ ጀምረው ተናገሩ። አቶ ሐጎስም እንዲህ አሉ አሉ፤ «እንደ ወጉ ሌላ ቀን ተመለሱ ብዬ ልሸኛችሁ ነበር። ግን ደግሞ ብትመጡ የማን ቤት እንደምትገቡ አይታወቅም። ልጄን ሰጥቻለሁ።»

እልልታዬ እስከ ጋምቤላ ካልተሰማ ኔትወርኩ ነው። አቶ ሐጎስ በማግስቱ የበራቸውን ቁጥር በቀይ ቀለም፣ ይህን በሚያህል ፊደል አስጽፈዋል። ሽፈራውና አለምም ለሠርጉ ከእኛ ወገን ነው የምንቆመው ብለው ተመዝግበዋል።

እትዬ የሺመቤትን ጉንጫቸውን ሳሙልኝ፤ የሠርግ ቀሚሳቸውን ከአሁኑ ያሰፉ። ለሀይሚ በርቺ በትምህርትሽ በሉልኝ፤ ለትንሿ ሊና ደግሞ ዊንታ ከረሜላ ልካለች፣ ነርሱ መንገድ ላይ ካልበላው። ቢሩክ ጉልበትዎን ይስማል። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ሥራ በዛ፣ ፈቃድ ተከለከልኩ የሚሉኝ ከሆነ ግን አስቀድሜ ልንገርዎት፤ ለዚያ ነገር ጆሮዬ እንደ ጋሽ ኣምደሚካኤል ነው።

እህትዎ ፈለቀች
ጉርድ ሾላ፣ አዲስ አበባ
ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.