ሰኞ ሰኞ የማትነሳ መኪና

ህዳር 2፣ ሰኞ

ጠዋት መኪናዬ እምቢ አለች። ቁልፉን ሳዞር ዳሽቦርዱ ይበራል፣ ሞተሩ ግን ድምፅ የለውም። ደግሜ... ደጋግሜ... ምንም። የመቂ ሽንኩርት ገበሬዎች ማሳቸው ላይ ቆመው ይጠብቁኛል፤ እኔ ናዝሬት፣ ግቢዬ ውስጥ መሪ ይዤ ቁጭ! ዘር አሻሻጭ ሆኜ ገና መቀጠሬ ነው፣ የሙከራ ጊዜዬን እንኳ አልጨረስኩም። የወሰዱኝም መኪና ስላለኝ ነው።

ከሰዓት ባሌ ብዙነህ ከሥራ መጣ። "እስቲ ውረጂ" አለኝ። ገባ፣ ወንበሩን አስተካከለ፣ አንዴ አዞራት። ተነሳች! "እጅሽን ጠልታው ነው" ብሎ ሳቀብኝ።

ህዳር 5፣ ሐሙስ

ዛሬም ቀጥ። ብዙነህን የመኪና ኤሌክትሪሺያኑ ጫላ ጋ እናስጎትታት ስለው፣ "እሱ ሥራ ይበዛበታል" ብሎ የራሱን መካኒክ አመጣ። ሰውየው ኮፈኑን ከፍቶ ሲያፈጥ ቆየ። "ባትሪው ነው።" ባትሪው ተቀየረ፣ አልተነሳችም። "እንግዲያው ማስነሻ ሞተሪኖው ነው።" ተፈታ፣ ተጠረገ፣ ተገጠመ። አሁንም እምቢ። በዚህ መሃል መንገደኛው ሁሉ በበሩ እየገባ አስተያየት ይሰጣል። አዋቂ የማይሆን ሰው ጠፋ!

በመጨረሻ ብዙነህ "ቆይ እኔ ልሞክር" አለ። ተነሳች። መካኒኩ "አላልኳችሁም?" ይላል። ኤጭ!

ህዳር 8፣ እሁድ

ቸርች ስንሄድ ግን ምንም አልሆነች። ለጸሎት ትነሳለች፣ ለእንጀራዬ ትተኛለች። አስጠላችኝ።

ህዳር 9፣ ሰኞ

ቀጥ። ናሙናውንና የመርጫ ዕቃውን ተሸክሜ በሚኒባስ ሞከርኩ። ሞጆ ወርጄ፣ ሌላ ይዤ መቂ ስደርስ ገበሬው ተበትኗል። አለቃዬ ፋዲላ ደወለች። "ልዩዬ፣ ሐሙስ ባቱ በሰዓቱ ካልደረስሽ ሌላ ሰው ነው የምቀጥረው። አትቀየሚኝ።" ምን ብዬ ልቀየማት?

ህዳር 10፣ ማክሰኞ

የጸሎት ኅብረታችን ዛሬ ተራው እኛ ቤት ነበር። የመኪናዋን ነገር ብዙነህ ራሱ ለጸሎት አቀረበ። ሁላችንም ግቢ ወጣን። መሪያችን ጋሽ አስፋው ኮፈኗ ላይ እጃቸውን ጭነው ገሠጹ። "በዚህች ልጅ ሥራ ላይ የተነሳህ ክፉ መንፈስ፣ በኢየሱስ ስም ልቀቅ!" ባለቤታቸው እትዬ ተሻለች አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ከሁሉ አስበልጦ "አሜን!" ያለው ብዙነህ ነው። ልቤ ተነካ። ለካ ያስብልኛል... አልኩ።

ህዳር 11፣ ረቡዕ

ምንጣፏን ላጥብ ብዬ የሹፌሩን ወንበር ወደ ኋላ ገፋሁት። ምንጣፉ ሥር የጣት ጫፍ የምታክል ማብሪያ ማጥፊያ! ወደዚያ አደረግኳት፣ መኪናዋ አልነሳም አለች። ወደዚህ... ተነሳች። ወደዚያ። ወደዚህ።

በቀጥታ ጫላ ጋ ነዳሁ። "አካም ጅርታ፣ ልዩ! እኔው ነኝ እኮ የገጠምኩት። ሰፈራችሁ መኪና ከተሰረቀ ወዲህ ሁሉም ሰው ድብቅ ማጥፊያ እያስገጠመ አይደል? ባለቤትሽ ናቸው ያመጧት። አልነገሩሽም እንዴ?"

አልነገረኝም። ንቀልልኝ አልኩት፣ ነቀለው።

ብዙነህን ስጠይቀው አልካደም እንኳ። "ለአንቺ ብዬ ነው። መንገዱን ታውቂዋለሽ፣ በየቀኑ አደጋ ነው። ደግሞ ሚስቴ ከማሳ ማሳ ስትዞር ሰው ምን ይላል? ሲሰለችሽ በራስሽ ጊዜ ትተዪዋለሽ ብዬ ነበር።"

በራሴ ጊዜ! ትናንት አሜን ያልከውስ? አልኩት። "እሱን ተይው" አለ። ያ ሁሉ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲለምን እሱ መሃላችን ቆሞ... ራት አብሬው መብላት አልቻልኩም።

ህዳር 12፣ ሐሙስ

ባቱ በሰዓቱ ደረስኩ። ፋዲላ "ጎበዝ" አለችኝ። ሥራዬ ተረፈ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ መንገዱን ሙሉ ግን የማስበው ቤቴን ነው። ሌላስ ምን ነክቶብኝ ይሆን?

ህዳር 17፣ ማክሰኞ

ኅብረቱ ጋሽ አስፋው ቤት ነበር። "መኪናዋስ እንዴት ሆነች?" አሉ። ብዙነህ ብድግ! "ጌታ መልሷል! ከጸለያችሁ ወዲህ አንድ ቀን እምቢ ብላ አታውቅም።" ሃሌ ሉያው፣ ጭብጨባው... ምን ዓይነት ሰው ነው ያገባሁት? እንደማውቅ እያወቀ! ጭራሽ ወደ እኔ ዞሮ "አንቺም መስክሪ እንጂ" አለኝ።

ተነሳሁና መሰከርኩ። ማጥፊያዋን፣ ምንጣፉን፣ ጫላ ያለኝን፣ ብዙነህ ያለኝን... አንድም አላስቀረሁም። ጋሽ አስፋው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ የቤት ጉዳይ እዚያው ቤት ነው የሚያልቀው።" እጃቸውን ጭነው የገሠጹት ጉድ አጠገባቸው ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል፤ የሚያፍሩት በእኔ ነው!

ብዙነህ ሳይጠብቀኝ በእግሩ ሄደ። ይሂድ። መኪናዬን ሳስነሳ እትዬ ተሻለች እስከ ውጭ ተከትለውኝ መጡ። ወደ በሩ ገልመጥ አሉና በመስኮቱ ጎንበስ አሉ።

"እኔም መንጃ ፈቃድ ነበረኝ እኮ፣ ልጄ። አንድ ቀን ካስቀመጥኩበት ጠፋ። እንዲገኝልኝ አስፋው አብሮኝ ተንበርክኮ ጸልዮ ነበር።"