ማዕቀቡ ሲነሣ የታገደው ታንኳችን

ለክቡር የዓሣ ማስገር ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ሐይቅ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ አዲሱ ወንበርዎ የተደላደለ፣ እንቅልፍዎም ከእኛ እንቅልፍ የተሻለ ይሁን እያልሁ፣ እኔ ከአባቴ በተማርሁት አሠራር ፊላ የተባለውን የሐይቅ ዳር ሣር አስሬ፣ ታንኳ ሠርቼ፣ ቆሮሶና አምባዛ የተባሉትን ዓሦች እያጠመድሁ የኖርሁት ሙዘይን ኑርሁሴን፣ የውጭ መንግሥታት በአገራችን ላይ የጣሉት ማዕቀብ በመነሣቱ የተሰማኝን ደስታ፣ ደስታዬም አዲሱ መመሪያዎ እስኪወጣ ድረስ ብቻ መቆየቱን በአክብሮት እገልጻለሁ።

አስቀድሜ ላመስግን። በማዕቀቡ ጊዜ የሞተር ጀልባ መለዋወጫ ጠፍቶ፣ የነበረው ነዳጅም ለጦርነቱ ሲውል፣ በፊላ ታንኳ ማስገርን የሚከለክለውን የቆየ ደንብ ያነሡልን እርስዎ ነዎት። ከሰሜን የመጡትን ተፈናቃዮች በዓሣችን ስንመግብ እርስዎ ሐይቁ ዳር ድረስ መጥተው፣ ከእንግዲህ ታንኳችሁን የሚነካ የለም፣ ውለታችሁን አገር አይረሳውም ብለውን ነበር። እኛም አመንንዎ።

ቅሬታዎቼም የሚከተሉት ናቸው።

፩ኛ. ዓሣ የሚገዙ የውጭ ነጋዴዎች ይጠይቃሉ ተብሎ፣ ሞተር ጀልባና ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው ሐይቁ ላይ እንዳይሰማራ ታግዷል። የእኔ ዓሣ ግን መናኸሪያው አጠገብ ከምትጠብሰው ከኑርሀያት ምጣድ አልፎ አያውቅም። የባሕር ማዶው ሕግ እስከ እሷ ምጣድ ድረስ በመድረሱ እንኳን ደስ ያለን! ወደፊት ታገኛላችሁ የተባልነው ጥቅምም ላም አለኝ በሰማይ ሆኖብናል።

፪ኛ. በችግሩ ጊዜ የአገር ኩራት የነበረው ታንኳችን አሁን ኋላ ቀር መባሉን ከመመሪያው ተረድተናል። ስለ ትምህርቱ እናመሰግናለን።

፫ኛ. ይህ ግን ያንገበግበኛል። ማዕቀቡ እንዲነሣ ዱዓ አድርጉልን ብለው የለመኑን እርስዎ ራስዎ ነዎት። በሸህ ኑርዬ ቤት ለጋራው ዱዓ ወዳጃ ተቀምጠን፣ ክርስቲያኑ ጎረቤታችን አቶ መዝገቡም ከእኛው ጋር ሆኖ፣ ሸህ ኑርዬ ዱዓ ሲያደርጉ ከሁላችንም በላይ ድምፅዎን ከፍ አድርገው አሚን ያሉት እርስዎ ነበሩ። ዱዓችን ተሰማ፤ ማዕቀቡም ከአገር ላይ ተነሥቶ እኛ ላይ ተጫነ። የገዛ እንጀራችን እንዲዘጋ በገዛ አፋችን አሚን ስንል የሚመጣውን እያወቁ አዩን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኸው ነው።

ክቡር ሆይ፣ የማርሰው መሬት የለኝም፤ ከሐይቁ ከወጣሁ የምገባበት የለኝም። ባዕድ ቢያግደኝ ችዬው ነበር። የከዱኝ ግን አብረን ዱዓ የተቀመጥነው እርስዎ ነዎትና አዝኛለሁ፤ ተቀይሜዎታለሁም።

መልስዎ እስኪደርሰኝ የባለ ሞተሮቹን ድምፅ ዳር ቁጭ ብዬ ለማዳመጥ ያለኝን ዝግጁነት እየገለጽሁ፣ ለማያልቀው ሹመትዎ እጅ በመንሣት እሰናበታለሁ።

የቀድሞው ዓሣ አጥማጅ፣
ሙዘይን ኑርሁሴን

ማስታወሻ፦ መመሪያው ታንኳችንን እንድናስረክብ ያዛል። ጦርነቱ ከተማው ደጃፍ ደርሶ መንገዱ ሲዘጋ፣ እርስዎን በታንኳዬ ላይ በሆድዎ አስተኝቼ ወደ ማዶ ባሻገርሁበት ዕለት፣ ሲወርዱ ቸኩለው አንድ እግር ጫማዎን ረስተዋል። ፊላ ቶሎ ስለሚበሰብስ ያ ታንኳ ዛሬ የለም፤ ጫማው ግን አለ። አዲሱን ታንኳ ሳስረክብ ይዤው እመጣለሁና፣ የእርስዎ መሆኑ እንዲታወቅ በሕዝብ ፊት ይለኩታል።